ብሪታ ሶልበርግ ያንኳኳችው በር

ብሪታ ሶልበርግ ምግብ ቤት ገብታ ያላዘዘችው ሳህን ቢቀርብላት አመስግና የምትበላ ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ጠባይ ይዛ ሕግ ትምህርት ቤት ምን እንዳስገባት ለራሷም ግልጽ አልነበረም። አባቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። እናቷ ወይዘሮ ማርሊስ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናቸው፤ ጥርሱን አስነቅሎ ለሚወጣ ሁሉ «ልጄ እኮ ክራንደልና ዊት ልትገባ ነው» ይሉታል። ሰውየው መንጋጋው ስለደነዘዘ አይከራከራቸውም።

ክራንደልና ዊት ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ፣ የመስታወት ሕንፃ ላይ የተሰቀለ የጥብቅና ድርጅት ነው። እዚያ የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። የምናውቀው፣ እዚያ የገባን ሰው ዘመዶቹ «ለመሆኑ አሁን ምን ልትሆን ነው?» ብለው እንደማይጠይቁት ነው። ይህ ብቻውን ትልቅ ዕረፍት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም ዓለምን ልናቃና ነበር የመጣነው። አንዱ ለወንዞች ሊሟገት፣ አንዷ ከቤታቸው ለሚባረሩ ተከራዮች ልትቆም። በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ለብሰን ተገናኘን። ማንም ማንንም አላስገደደም። ብሪታም ለብሳ መጣች። እሷን ሁለት ፍርሃት ይዟት ነበር፤ ክራንደሎች ሳይቀጥሯት ቢቀሩስ ትላለች፤ ደግሞ ቀጥረዋት ዕድሜዋ እዚያው ቢያልቅስ ትላለች። የትኛው እንደሚብስባት ስጠይቃት «እንደ ቀኑ ነው» አለችኝ።

የቃለ መጠይቁ ሥርዓት እንዲህ ነው። ድርጅቶቹ የሆቴል ክፍሎች ይከራያሉ፤ አልጋው ወጥቶ ወንበር ይገባል። ተማሪው በሩ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ ያንኳኳል። ውስጥ ያለው አልጨረሰም ተብሎ አይታዘንለትም። በሩ ከተንኳኳ ውስጥ ያለው ፈገግ ብሎ ይወጣል፣ ውጪ ያለው ፈገግ ብሎ ይገባል።

የሥራ አማካሪያችን ወይዘሮ ፕሩዌት ከዋዜማው ሰብስበው መከሩን።

«ጠዋት ስልካችሁን ታጠፋላችሁ፤ እስክትጨርሱ አትከፍቱም። በሩ ሲከፈት ትጨብጣላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ትናገራላችሁ። ምንም ብታዩ አትደነግጡም። ሆን ብለው ይፈትኗችኋል። አምና አንዱ ጠያቂ እያወሩት ተኛ።»

«ተማሪው ምን አደረገ?» አለች ብሪታ።

«ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ዛሬ እዚያው ይሠራል።»

ሁላችንም ጻፍነው።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን በኋላ ነው አገጣጥመን የደረስንበት። ክራንደሎች የያዙት ስድስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ክፍል ነበር። ማሞቂያው እንደታመመ በሬ ሲያቃስትባቸው ገና በጠዋቱ ክፍል ቀየሩና ለተራ ያዦቹ በሙሉ በስልክ መልእክት ላኩ። ስልካችን ግን በትእዛዝ ተዘግቷል። ሆቴሉም ክፍሉን ባዶ ከማሳደር ብሎ አልጋውን መልሶ፣ ሳይዙ ለመጡ አንድ እንግዳ ሰጠ። እንግዳው አቶ ኦርቪል ኔስ ይባላሉ። በስተሰሜን ሆልምዳል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በዚያ ከርሊንግ የሚባል የበረዶ ላይ ጨዋታ ክበብ ኃላፊ ናቸው። ለክበቡ በረዶ ማቀዝቀዣ አዲስ ሞተር ሊገዙ ነው የመጡት። ዕድሜያቸውን ከሞተር ጋር ስለኖሩ የማሞቂያው ማቃሰት ጭራሽ እንቅልፍ ያመጣላቸዋል።

ብሪታ አንኳኳች። አቶ ኦርቪል በካልሲ፣ በአንድ እጃቸው የእንቁላል ሳንድዊች እንደያዙ ከፈቱ። ሳንድዊቹን ወደ ግራ አዛውረው ጨበጧት። ከኋላቸው ያልተነጠፈ አልጋ ይታያል። ፈተና ነው፣ አለች በልቧ።

«ብሪታ ሶልበርግ እባላለሁ። ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።»

«ኦርቪል ኔስ ነኝ። ግቢ ልጄ፣ ኮሪደሩ ይበርዳል።»

ለማሞቂያው የተላከች መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ማሞቂያውን አልፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በእኛ አገር ደግሞ አንዴ የተቀመጠን ሰው «ምን ፈልገሽ ነው?» ማለት ነውር ነው። አቶ ኦርቪል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲቪዋን ሰጠቻቸው። መነጽር ፈልገው፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም መስመር ሳይዘሉ አነበቡት። እንዲያ ያነበበላት ሰው አልነበረም።

«ዋሽንት ትነፊያለሽ?»

«ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ነበር።»

«ጥሩ ነው። የኛዋ ዋሽንት ነፊ አግብታ ፋርጎ ሄደችብን።»

ብሪታ የተማረችውን ጥያቄ አመጣች። «ስለ ባህላችሁ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። አብሮ መሥራቱ ምን ይመስላል?»

አቶ ኦርቪል አሰቡበት። «መጮህ አንወድም። ያሸነፈው ለተሸነፈው መጠጥ ይጋብዛል። ይህ የቆየ ነው፣ ማንም አይቀርበትም። ከዚያ ሌላ... ጭቃ ጫማ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ክራንደሎች እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ብላ አልጠበቀችም ነበር። ደስ አላት።

«አሁን ትልቁ ችግራችሁ ምንድን ነው?»

«ሽንት ቤቱ» አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበቡ ሕንፃ እኩሌታው ያረፈው በጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ነው። አያቶቻቸው ሲሠሩት በረዶ ስለነበር ወሰኑ አልታየም። ሽንት ቤቱ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። አሁን ጣሪያውን ሊያድሱ አስበው ቦታው የማን እንደሆነ የሚነግራቸው ጠፋ። ከተማዋ አንዲት ጠበቃ ነበረቻት፤ ሞታለች።

«ቤተ ክርስቲያኑ ፈቅዶላችሁ ነው የያዛችሁት?» አለች ብሪታ። የፈተና ጥያቄ መሰላት፤ ደግሞ ያጠናችው ነው።

«ተፋቅረን ነዋ። መኸር በመጣ ቁጥር ለፓስተሩ የፖም ፓይ እንወስዳለን።»

«እሱ ነው ችግሩ። ሳያስፈቅድ ለረጅም ዓመት የያዘ ሰው በይርጋ ባለቤት ሊሆን ይችላል። አስፈቅዶ የያዘ ግን እንግዳ ነው። እናንተ ደግሞ በየዓመቱ ፓይ ይዛችሁ እየሄዳችሁ ቦታው የእሳቸው መሆኑን ታምናላችሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ፓዩን ያቁሙት።»

አቶ ኦርቪል ማኘካቸውን ተዉ። «ፓዩን?»

«ፓዩን።»

ሽማግሌው ሳንድዊቹን አስቀመጡ። ከዚያ «ከክበቡ በላይ ያለው ቤት ባዶ ነው» አሉ። «መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ጠበቃ ሆነሽ ብትመጪልን ደስ ይለናል። ሥራ ይኖራል ወይ ካልሽኝ አላውቅም። ሰው ይጣላል፣ ሰው ይሞታል፤ መቼ እንደሆነ ግን ቀድሞ አይነግርሽም።»

ብሪታ ግራ ገባት። «ክራንደልና ዊት ሰሜን ላይ ቅርንጫፍ አለው?»

«ክራንደል ማነው?»

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ብሪታ ገባት፤ ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ ፈገግ ብላ ወጣች። አቶ ኦርቪል ከኋላዋ «ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነን!» አሉ። እኔ ፈገግ ብዬ ገባሁ።

እኔን ሲቪዬን ካነበቡ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ጫና መሸከም እችላለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ለመጥረግ ትሆናለህ።»

ከታች መጀመርን ማለታቸው ነው ብዬ በጣም አከበርኳቸው።

ስወጣ ብሪታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ኤሞሪ፣ ስማኝ። ሰውየው ጠበቃ አይደሉም። የከርሊንግ ክበብ ኃላፊ ናቸው።»

«እሺ ብሪታ።»

«በእናትህ! እንግዳ ናቸው እኮ። ዝም ብለው ሆቴሉ ያረፉ እንግዳ!»

«አላታለልሽኝም» አልኳት። በዚያ ወር ሰው ለጓደኛው የተሳሳተ የቤተ መጻሕፍት መዝጊያ ሰዓት የሚነግርበት ጊዜ ነበር። ተፎካካሪ ልትቀንስ ነው ብዬ ጥያት ሄድኩ።

አቶ ኦርቪል ያን ቀን ሞተር ሳይገዙ ዋሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይከፍታሉ። ከምሳ በኋላ የክራንደል ተራ ያዦች አልቀው፣ ሰልፉን ያዩ ሌሎች መሰለፍ ጀመሩ። ሕግ ተማሪ ሰልፍ አይቶ አያልፍም።

ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ፣ ከክራንደልና ዊት ባለድርሻዎች አንዱ የሆኑት አቶ ሃዝሌት፣ አንድ ሳህን የሚንት ከረሜላ ፊታቸው አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ማንም አልመጣላቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። በመጨረሻ ብቅ ብለው ሰልፉን አዩ።

«እዚያ ያለው ማነው?» አሉ አንዱን ተማሪ።

«ስማቸውን በር ላይ አይለጥፉም» አለ ልጁ በኩራት።

የአቶ ሃዝሌት ፊት ነጣ አለ።

ማታ ሁላችንም የአቶ ኦርቪል ነው ያልነውን ድርጅት ፈለግን። ድረ ገጽ የለውም። በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ይህ ግን ክብሩን አበዛው። ወይዘሮ ፕሩዌትን ስንጠይቃቸው፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ስለማያውቅ፣ «አውቃቸዋለሁ። በጣም ጥንቁቆች ናቸው» አሉ።

በሳምንቱ አቶ ሃዝሌት ብሪታ ጋ ደወሉ። መጀመሪያ የገባችው እሷ መሆኗን አጣርተዋል።

«ያለ ቃለ መጠይቅ እንወስድሻለን።»

«እውነቱን ልንገርዎት። ክፍል ተሳስቼ ነው። ሰውየው...»

«ብሪታ፣ ሁላችንም ጠበቆች ነን። ምን እንደሰጡሽ አልጠይቅም። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ አስቢበት።»

ወይዘሮ ማርሊስ ሲሰሙ ስልኩ ውስጥ እልል አሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው አርሊን የሚባሉ ሴት አሉ፤ ልጃቸው የልብ ሐኪም ከሆነ ጀምሮ ከሰው ጋር የሚያወሩት ስለ ልብ ብቻ ነው።

«የአርሊንን ፊት ለማየት እሁድን እንዴት ልጠብቅ!» አሉ ወይዘሮ ማርሊስ።

ብሪታ ስለ ሆልምዳል ምንም አላነሣችም። ምን ብላ ታንሣ? ባዶ ቤት፣ ሐይቅ፣ መቼ እንደሚሞት የማይናገር ሰው። ክራንደሎችን እሺ ልትል ወስና ነበር። ብርቱ ደስታ ባይሰማትም፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጥያቄው ቢያበቃ ብላ።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ስልክ መጣ።

«ብሪታ ልጄ? ኦርቪል ነኝ። ቁጥርሽን ከወረቀትሽ ላይ አገኘሁት። ፓዩን አቆምነው።»

ብሪታ ወንበር ፈለገች። «እና?»

«ፓስተር ኤንገን ሽንት ቤቱን ቆለፉት።»

«ቆለፉት?»

«በትልቅ ቁልፍ። አሁን ተጫዋቹ መንገድ ተሻግሮ ነዳጅ ማደያ ነው የሚሄደው። ትናንት አንዱ ሽማግሌ ሄደው ሲመለሱ ጨዋታው አልቆ ጠበቃቸው። ቡድናቸው ተሸንፏል።»

«አቶ ኦርቪል፣ በጣም ይቅርታ...»

«ኧረ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩን ያልሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ ብዬ ነው እንጂ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ተቀመጠች። ሕግ ትምህርት ቤት ስንት ነገር ጽፋለች፤ ለጻፈችው ውጤት ይሰጣታል፣ ወረቀቱ ይጣላል፣ ዓለም እንዳለ ይቀጥላል። አሁን ግን አይታው በማታውቀው ከተማ፣ ከአፏ በወጣ አንድ ቃል የተነሣ፣ አንድ በር ተቆልፏል። ብርድ ላይ መንገድ የሚሻገሩ ሽማግሌዎች አሉ። አፈረች፤ በሐፍረቱ ውስጥ ግን ለማንም የማይነገር ደስታ ነበረበት። ይህን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ያኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ወደ ሰሜን ነዳች። እኔም «ቅዳሜ ቅዳሜ ሆልምዳል ክፍት ነን» ተብዬ ስለነበር ቀድሜያት ደርሻለሁ።

ከሌሎች ሦስት የክፍል ልጆች ጋር፣ ከነሱፋችን፣ በረዶው ላይ ነበርን። ከርሊንግ አንዱ ትልቅ ድንጋይ በበረዶ ላይ ሲያንሸራትት ሌሎቹ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እየጠረጉ መንገዱን የሚያለሰልሱበት ጨዋታ ነው። እኛ እንጠርጋለን። አንዱ ጓደኛችን በቂጡ ወድቆ ፈገግ ብሎ ተነሣ።

«ኤሞሪ! ምን እየሠራህ ነው?» ብሪታ ከዳር ሆና ጠራችኝ።

«ቀስ በይ» አልኳት እየጠረግሁ። «ሁለተኛው ዙር ነው። ተባብረን መሥራታችንን እያዩ ነው።»

«ማነው የሚያየው?»

በአገጬ ከመስታወቱ ጀርባ ሾርባ የሚጠጡ ሦስት አሮጊቶችን አሳየኋት። «ባለድርሻዎቹ።»

አቶ ኦርቪል መጥተው ጨበጧት። «ጓደኞችሽ ደግ ልጆች ናቸው፤ ሳንጠራቸው ሊረዱን መጡ። ግን ልጄ፣ ለምንድን ነው ለቀብር የለበሱት?»

ብሪታ ወደ በሩ ዞረች። «ፓስተሩ ጋ ይውሰዱኝ» አለች። እኔም የነዳጅ ማደያው መንገድ በዚያ ስለሆነና ስላስፈለገኝ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ተከተልኳቸው፤ መጥረጊያ መጣል ነጥብ ያስቀንሳል ብዬ ነው።

ፓስተር ኤንገን ግዙፍ ሰው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ በረዶ ይዝቃሉ። ሲያዩን አካፋውን ተከሉ።

«ፓዩን ያስቆመችው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ለፓዩ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉ። ለፓዩ መሆኑ ፊታቸው ላይ ነበር። «እኔ ፍቅር ነው ብዬ ስበላ የኖርኩት ማስረጃ ኖሯል እንዴ? እኔስ ጠበቃ ቢኖረኝ ምን ይለኝ ነበር?»

«በር መቆለፍዎ ጥሩ ነው ይልዎታል» አለች ብሪታ። ምላሷ አመለጣት።

ፓስተሩ ዓይናቸው በራ። «አይደል? እንግዲያው የኔ ጠበቃ ሁኚ።»

«ገና ተማሪ ነኝ። ደግሞ አቶ ኦርቪል ቀድመው ጠይቀውኛል። ለሁለታችሁም መቆም አልችልም፣ ሕጉ ይከለክላል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንድ ጠበቃ ለሁለት ባለጉዳይ። የባሰ ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ መጥረጊያዬን ጠበቅ አደረግሁ።

«እንግዲያስ አንተ ውሰዳት፣ ኤንገን» አሉ አቶ ኦርቪል። «ብቻህን ነህ። እኛ ብዙ ነን።»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ያገኘሃት አንተ። አንተ ሳትይዝ እኔ አልይዝም።»

«ግድ የለህም፣ የኔ ነገር ይደርሳል።»

«በፍጹም። እኔ ሽንት ቤት አለኝ፣ የቸገረህ አንተ ነህ።»

አንተ ትብስ፣ አንተ ትብስ እየተባባሉ ቆሙ። ቁልፉን መክፈት ግን ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። ብሪታ አንዱን አንዴ፣ ሌላውን አንዴ ታያለች። ስልኳ ጮኸ። አቶ ሃዝሌት ናቸው፤ እኩለ ቀን ሆኗል።

«እንግዲህ ብሪታ? ወረቀቱ ተዘጋጅቷል።»

ብሪታ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች። አጠገቧ ስለነበርኩ ስትተነፍስ የሚወጣውን ጭስ አይ ነበር።

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ሃዝሌት። አልመጣም።»

«እነዚያ ሰዎች ናቸው አይደል? ምን ሰጡሽ? እንደ አባት ንገሪኝ።»

«ሽንት ቤት ተቆልፎባቸዋል። ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ስጨርስ መጥቼ ላስከፍትላቸው ነው።»

በወዲያኛው በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«እኛም ልናዘጋጅልሽ እንችላለን» አሉ አቶ ሃዝሌት። «ያንቺ ብቻ የሆነ። መስኮት ያለው።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

ሰኞ ዕለት ክራንደሎች ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሆልምዳል ድረስ መጠራቴን ሰምተው ነው። እሺ አልኩ።

ብሪታ ግን ያን ቅዳሜ በረዶው ላይ እንደቆመች አቶ ኦርቪልን «ለመጨረስ ገና ጊዜ አለኝ። እስከዚያ ምን ታደርጋላችሁ?» አለቻቸው።

«ነዳጅ ማደያው አለልን» አሉ።

ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች። ወይዘሮ ማርሊስ አንዴ ጮኹ፣ አንዴ አለቀሱ፣ «ከተማው ትራፊክ መብራት እንኳ አለው?» ብለው ጠየቁ። የለውም። ከዚያ ዋናው መጣ።

«አሁን አርሊንን ምን ልበላት? ነገ እሁድ ነው እኮ!»

«ደንበኛ አገኘች በያት፣ እማ።»

«ማንን?»

ብሪታ ዘወር ብላ አየቻቸው። አቶ ኦርቪል የፓስተሩን ክንድ ይዘው እየለመኑ ነበር።

«ከሁለቱ አንዱን። ገና አልተስማሙም።»

ወይዘሮ ማርሊስ ማልቀሳቸውን አቆሙ። «ሁለቱም ይፈልጉሻል ማለት ነው?»

«ሁለቱም።»

«ተሻምተውብሽ ነው?»

«እንደዚያ በይው።»

«እንግዲያው እሱን ነው የምነግራት» አሉና ስልኩን ዘጉት።